ሃያ ምክርና አንድ እስር ጧፍ

የሐዋሳ ሰው ወደ ቢቸናና ሞጣ የሚሄድበት ብዙ ምክንያት የለውም። እኔም ብሆን ቢቸናን የማውቃት በገበያችን «የቢቸና ጤፍ ነው» እየተባለ በሚሸጥልን ጤፍ ብቻ ነበር፤ ግማሹ የቢቸናን አፈር አይቶ እንደማያውቅም እጠረጥራለሁ። ከተመለስኩ ወዲህ ጎረቤቶቼ በር ላይ እያቆሙ «እስቲ ንገሪን» ስለሚሉኝ፣ ለሁሉም አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልረፍ ብያለሁ።

ነገሩ በስልክ ነው የጀመረው። ይበልጣል የሚባል የቀድሞ ተማሪዬ ደወለና «መምህር፣ ተገኘ» አለኝ።

«ምን ጠፍቶ?»

«አብሹ ነዋ።»

ይበልጣል እኔ ዘንድ ስታትስቲክስ ተምሮ የተመረቀ፣ ቀጭን፣ ችኩልና ደግ ልጅ ነው። ተወልዶ ያደገው ቢቸና ሲሆን ሥራው ሞጣ፣ ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው። ባለፈው ክረምት የጤፍ ዘር ከመዘራቱ በፊት ምን ቢደረግለት ምርቱ እንደሚጨምር በትንንሽ መደቦች ላይ ሲሞክር ከርሞ፣ በአብሽ ውሃ የተነከረው ዘር አሸነፈ። በመጪው እሑድ ሞጣ ላይ ለሚሰበሰቡ ገበሬዎች ሊያበሥር ነው። ሰኞ ደግሞ እናቱ ቢቸና ያለውን ማሳቸውን በሙሉ በአብሽ በተነከረ ዘር ሊዘሩት ቆርጠዋል። ያ ማሳ የዓመት ቀለባቸው ነው። ዘሩ እምቢ ካለ የዘር ወቅት ያልፍባቸዋል።

«እርስዎ ቁጥሩን አይተው ማለፊያ ነው ካሉ ማን ይናገረኛል?» አለኝ። እኔም የእረፍት ጊዜዬ ነበርና ነገሩን ሳላብላላው እሺ አልኩ።

ረቡዕ

ባለቤቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። «ለአብሽ ብለሽ ዓባይን ልትሻገሪ ነው?» አለኝ። ለአብሽ ሳይሆን ለተማሪዬ ነው ብለው አልሰማ አለኝ፤ አውቶብሱ እስኪንቀሳቀስ ድረስ በመስኮት በኩል አብሽ፣ አብሽ እያለ ሳቀብኝ። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ከሐዋሳ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ሁላችሁም ስለምታውቁት አልፈዋለሁ። እህቴ ቤት አደርኩ። እሷም ጎጃም መሄዴን ስትሰማ ሁለት ሹራብ፣ አንድ ጃንጥላና አንድ ሙሉ ድፎ ዳቦ ጫነችብኝ።

ሐሙስ

ጎሐ ጽዮንን አልፈን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ስንጀምር ዓይኔን ጨፈንኩ። የኛ አገር መንገድ ቢበዛ ሐይቅ ዳር ይወስድሻል፤ ይኼኛው ግን በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላ በኩል ምንም ነው። ሹፌሩ ደግሞ መጠምዘዣው ላይ ሲደርስ ዘፈኑን ከፍ ያደርገዋል። ከታች ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሙቀቱ ገብቶ ሰው ሁሉ በነጠላው ሲያራግብ፣ እኔ ቤቴ የተመለስኩ መሰለኝና ሁለቱንም ሹራብ አውልቄ «እንዴት ደስ ይላል» አልኩ። አውቶብሱ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

ከአጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ከጎሐ ጽዮን ጀምሮ ትከሻዬ ላይ ተኝተዋል። ቁልቁለቱንም አቀበቱንም አላዩትም። ደጀን ስንደርስ ነቁና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ትከሻሽ ይባረክ። ባል ካለሽም እሱም ይባረክ» አሉኝ። ይኼን ምርቃት ለባለቤቴ ወዲያው ደውዬ ነገርኩት።

ደጀን ላይ ወደ ቢቸና የምትሄድ ሚኒባስ ያዝኩ። ለሦስት በተሠራ ወንበር አራት መቀመጥ ሐዋሳም አለ። ልዩነቱ እኛ ዘንድ አራተኛው ሲገባ ሦስቱ ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ እዚህ ግን «ግቡ፣ ግቡ፣ ቦታ ሞልቷል» እያሉ ይቀበሉታል። ቢቸና የገባነው ዝናቡ ሲወርድ ነው። ይበልጣል ጃንጥላ ይዞ ቆሞ ነበር፤ ጃንጥላውን ግን ለኔ ሻንጣ ያዘለትና ሁለታችንም በስብሰን ቤት ደረስን።

እናቱ እማማ ጥሩወርቅ አጠር ያሉ፣ ወገባቸውን በመቀነት ጥብቅ ያደረጉ፣ ዓይናቸው የማያርፍ ሴት ናቸው። ገና ሳልቀመጥ የሞቀ ውሃ በሳፋ አምጥተው እግርሽን ልጠብሽ አሉኝ። ኧረ በማርያም፣ እኔ ነኝ እርስዎን የማጥብ ብል፣ «ቤቱ የኔ፣ ውሃው የኔ፣ እግሩ ብቻ ነው ያንቺ» ብለው ቁጭ አደረጉኝ። ተሸነፍኩ። በዚያ ብርድ የሞቀው ውሃ እስከ ጉልበቴ ሲወጣ፣ እውነቱን ልናገርና፣ መሸነፌ ደስ አለኝ።

ለእራት ጎረቤታቸው መሪጌታ አላምረው መጡ። ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ድምፃቸው ከቤቱ የሚሰፋ ሽማግሌ ናቸው። የሰኔ ጾም ስለነበረ ሽሮ፣ ጎመንና ተልባ ቀረበ። እማማ ጥሩወርቅ በጾም መምጣቴን እንደ ራሳቸው ጥፋት ቆጥረው ይቅርታ ሲደጋግሙ፣ እኔ ላጽናናቸው ብዬ «እኛ አገርማ በጾም ዓሣ እንበላለን» አልኩ። መሪጌታ ጉርሻቸውን አየር ላይ አቆሙት።

«ዓሣ?»

«አዎ፣ ከሐይቁ።»

«እንግዲያ ሐዋሳ ጾም ገብቶ አያውቅማ» አሉና ጎረሱ።

ከዚያ ስለ አብሹ ወሬ ተነሣ። የአብሹን ሐሳብ ያመጣው ማን እንደሆነ ጠየቅኩ። «እኔ ነኛ» አሉ እማማ ጥሩወርቅ፣ እንደ ሙሽራ እናት ቀና ብለው።

«አመዱ ደግሞ የኔ ነበር» አሉ መሪጌታ። «የወይራ አመድ። በግፍ ተሸነፈ።»

«የምን አመድ?» አልኩ። እኔ የሰማሁት ስለ አብሽ ብቻ ነው።

ይበልጣል ከት ብሎ ሳቀ። ሙከራውን ሲጀምር አለቆቹ ሰው ይማክር ብለው ወደ አገር ሽማግሌዎች ልከውት ነበር። አንዱ ሽማግሌ የገብስ ውሃ አሉ። ሌላው በርበሬ ታጥቦ የተረፈ ውሃ፣ ሌላው የላም ሽንት፣ ሌላው የምድጃ ጥላሸት አሉ። ዘሩ ደጅ ወጥቶ ጠል እየመታው ይደር ያሉም ነበሩ። «የአንዱን ወስጄ የሌላውን ብተወው ነውር አይደል መምህር? የሁሉንም ተቀበልሁ።»

«ስንት ሆነ ታዲያ?»

«ሃያ።»

እንጀራው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እማማ ጥሩወርቅ ማጅራቴን መቱልኝ፣ መሪጌታ ጠላቸውን አቀበሉኝ፣ እኔ ግን በመሃል ሳቅ ያዘኝ። የሳቅኩት ስለፈራሁ ነው።

የፈራሁትን ነገር እዚህ ላይ ለእናንተ ማስረዳት አለብኝ። እኛ ስታትስቲክስ የምናስተምር ሰዎች አንድ ወሰን አለን። አንድ መድኃኒት ወይም አንድ ዘር በዕድል ብቻ እንዲህ ጎልቶ የሚታየው ከሃያ ጊዜ ከአንዴ ባነሰ ከሆነ፣ «ይኼስ ዕድል አይመስልም» እንላለን። አንድ ነገር ብቻ ለሞከረ ሰው ደኅና ወሰን ነው። ሃያ ነገር ለሞከረ ግን፣ ሃያውም ከንቱ ቢሆኑ እንኳ፣ ከመካከላቸው ቢያንስ አንዱ «አሸነፍኩ» ብሎ የመነሣቱ ዕድል ከግማሽ ይበልጣል። ይበልጣል በስልክ እንደነገረኝ ደግሞ አብሹ ወሰኑን ያለፈው ለጥቂት ነው። ይኼን ምዕራፍ ሳስተምር ይበልጣል ክፍል አልነበረም፤ ሐዋሳ የደጋ ልጅን የምትቀበለው በወባ ነውና ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበር።

ዓርብ

ጠዋት ማሳውን ለማየት ወጣን። የቢቸና ጥቁር አፈር በክረምት ጫማ ይወዳል። ሁለተኛው እርምጃዬ ላይ የቀኝ ጫማዬን ወሰደው፤ እግሬ በካልሲ ወጣ። ይበልጣል ጎንበስ ብሎ ክንዱን እስከ ክርኑ ነክሮ ሲፈልግልኝ፣ ያሰብኩትን ለመናገር ከዚህ የተሻለ ሰዓት እንደማላገኝ ገባኝ። ፊቴን አያይም፣ እኔም የትም መሄድ አልችልም።

ነገርኩት። ጫማውን ይዞ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ጆሮው ቀልቷል።

«ስለዚህ አብሹ ውሸት ነው?»

«ውሸት ነው አላልኩም። ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ያንተ ሙከራ ግን ሊለየው አይችልም።»

ጭቃውን ከጫማዬ በጣቱ እየጠረገ «ለእናቴ ማን ይነግራታል?» አለኝ።

እኔ እንግዳ ነኝ አልኩት። እሱም እኔ ልጇ ነኝ አለኝ። እንደ ሁለት ሌቦች ተያየንና ሳቃችን መጣ። ማታ፣ ማታ፣ ስንባባል ቀኑ አለፈ፤ ማታ ሲሆን ደግሞ ተልባ ቀረበና ሳንነግራቸው አደርን።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ እማማ ጥሩወርቅ ቤተ ክርስቲያን ይዘውኝ ሄደው ነበር። በእጃቸው በወረቀት የተጠቀለለ ጧፍ ነበር። መንገድ ላይ ነገሩን ሲያጫውቱኝ፣ የልጃቸው ሙከራ እንዲሳካ ለሰባት ደብር ተስለው ነበር። ለማርያም፣ ለሚካኤል፣ ለጊዮርጊስ፣ ለተክለ ሃይማኖት፣ ብቻ ያልደረሱበት የለም። አሁን ተሳካ። ያሳካው ግን የትኛው እንደሆነ አያውቁም።

«ለአንዱ ብሰጥ ስድስቱ ይታዘቡኛል» አሉ። «ለሁሉም እስር እስር እንዳልሰጥ አቅም የለኝ። እናም አንዱን እስር ለሰባት አካፈልሁት።»

ጧፉን አየሁት። ለእያንዳንዱ ደብር የደረሰው በጣም ጥቂት ነው። ደጃፉ ላይ ቆሜ በሳቅ ፈነዳሁ፤ እሳቸው ዝናቡ ያንቀጠቀጠኝ መስሏቸው በነጠላቸው ጭንቅላቴን ሸፈኑልኝ። እኔን ያሳቀኝ፣ በአንድ ጣሊያናዊ ስም የሚጠራና ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ሙሉ ጽፌ የማስረዳው ማረሚያ እጃቸው ላይ ማየቴ ነው። እሱም እንዲህ ይላል፤ ለመታለል የፈቀድከው ከሃያ ጊዜ አንዴ ብቻ ከሆነ፣ ያ ፈቃድ አንድ እስር ጧፍ ነው። ሃያ ነገር ከሞከርክ ለሃያው ታካፍለዋለህ፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰውም ሃያኛው ነው። በዚያ ጠባብ በር የሚያልፍ ካለ እሱ በእውነት ይታመናል። የእማማ ጥሩወርቅ አብሽ በዚያ በር አያልፍም። ይኼን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና «ጧፉ ደስ ይላል» ብዬ ዘጋሁት።

ቅዳሜ

ወደ ሞጣ ጉዞ ጀመርን። እማማ ጥሩወርቅ አሸናፊ ስለሆኑ፣ መሪጌታ ደግሞ «ተሸናፊም ይታያል» ስላሉ አብረውን መጡ። ይበልጣል ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ ተቀምጦ አንገቱን አልመለሰም።  ነገ እውነቱን ቢናገር በአለቆቹ ፊት ይቀላል፤ ካልተናገረ ደግሞ ሰኞ የእናቱ ማሳ በአብሽ ይዘራል። እኔ ማድረግ የምችለውን አድርጌያለሁ፤ የቀረው የሱ ነው።

እማማ ጥሩወርቅ ለገበሬዎቹ እንዲታይ ብለው አንድ ጀሪካን የአብሽ ውሃ ጭናቸው ላይ ይዘው ነበር። ያዘጋጁት ሐሙስ ነው። አብሽ ሲሰነብት ምን እንደሚሆን እናንተም ታውቃላችሁ። ደብረ ወርቅ ሳንደርስ ጀሪካኑ ሆዱን መንፋት ጀመረ። አንድ ጉድጓድ ላይ መኪናው ሲዘል ክዳኑ ተፈናጠረና አብሹ ተነሥቶ በቀጥታ በመሪጌታ ነጭ ጋቢ ላይ አረፈ።



«ጥሩወርቅ» አሉ መሪጌታ፣ አረፋውን ከጺማቸው እየጠረጉ፣ «አንድ ጊዜ ማሸነፍሽ አይበቃም?»

ሚኒባሱ ሊገለበጥ ነበር። ሹፌሩ መሪውን ትቶ ይስቃል፤ አንድ ዶሮ የያዘ ሰውዬ ዶሮውን ለቀቀ። እማማ ጥሩወርቅ ራሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ይበልጣል ብቻ ነው ያልሳቀው። ከዚያ በኋላ እስከ ሞጣ መስኮቱን ሁሉ ከፍተን፣ በብርዱ እየተንቀጠቀጥን፣ በአብሽ ሽታ ታጅበን ሄድን። ሐዋሳ ላይ በዓሣ ገበያው በኩል ስናልፍ አፍንጫችንን የምንይዝ ሰዎች ከእንግዲህ እናፍራለን።

ሞጣ ያረፍንበት ሆቴል ባለቤት ሴትዮ በሩ ላይ ገና ስንደርስ አሸተቱን። ምንም ሳይጠይቁ መሪጌታን ጋቢያቸውን አስወልቀው የባላቸውን ካፖርት አለበሷቸው። ጋቢውን አጥበው በከሰል ምድጃ ዙሪያ ሲያደርቁት አመሹ፤ ሒሳብ ስንጠይቅም «የቄስ ልብስ አጥቤ ልከፈል?» ብለው ተቆጡን። ክፍሌ ውስጥ ሦስት ብርድ ልብስ ነበረ። ሦስቱንም ለበስኩና ሁለቱንም ሹራብ ጨመርኩ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባው በአንድ ሰፊ አዳራሽ ተጀመረ። አርባ የሚሆኑ ገበሬዎች፣ ከፊት ደግሞ የይበልጣል አለቆች ተቀምጠዋል። እማማ ጥሩወርቅ የተረፈውን አብሽ በብርጭቆ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አቁመዋል። ይበልጣል ተነሣ። ወረቀቱን አየ፣ እናቱን አየ፣ ወረቀቱን አጠፈው።

«አብሽ አሸነፈ ብዬ ልነግራችሁ ነበር የመጣሁ» አለ። «ከዚያ በፊት ግን ሁላችሁም አንዳንድ ብር ሳንቲም ያዙልኝ።»

እዚህ ላይ ትልቅ ግርግር ሆነ። ሳንቲም ያለው ጥቂት ሰው ነው፤ ዳር ካለች ሱቅ ሳንቲም ተለቅሞ መጣ። ይበልጣል ሁሉም ቆሞ ሳንቲሙን እንዲወረውር፣ አንበሳ የወጣለት ቆሞ እንዲቆይ፣ ሌላው እንዲቀመጥ አዘዘ። አለቆቹም ተነሡ። መሪጌታ በመጀመሪያው ውርወራ ወደቁ፤ ነፋስ ነው ብለው ተከራከሩ፤ አዳራሹ ውስጥ ነን ተባሉ። እኔ በሁለተኛው ተቀመጥኩ። በአምስተኛው ውርወራ መጨረሻ ቆሞ የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሐጂ እንድሪስ የሚባሉ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ የሞጣ ገበሬ።

ሰው አጨበጨበላቸው። ይበልጣል ጠጋ ብሎ «ሐጂ፣ እንዴት ነው እንዲህ የሚወረውሩት?» ብሎ ጠየቃቸው።

ሐጂ እንድሪስ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። «ነገሩ ከእጅ አንጓ ነው» አሉ።

«ልጅ ካለዎት ያስተምሩታል?»

«ምን ገዶኝ፣ ዛሬውኑ።»

«እስቲ እንደገና ይወርውሩልን።»

ወረወሩ። ሚዛን ወጣ። ሐጂ ሳንቲሙን ከመሬት አንሥተው ግራና ቀኝ ካገላበጡ በኋላ «ይኼ ሳንቲም ሌላ ነው» አሉ፤ ከዚያ ግን የራሳቸው ሳቅ ቀደማቸው፤ አዳራሹም ተከተላቸው። ከፊት የተቀመጡት አለቆች እንኳ ሲስቁ ጥርሳቸው ታየ።

ይበልጣል ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ። «እኔም ያደረግሁት ይኼንኑ ነው» አለ።  «ሃያ ነገር አስወረወርሁ። አንዱ ቆሞ ቀረ። ያንን ዐዋቂ ነው ብዬ ላመጣላችሁ ነበር። ዐዋቂ ይሁን ባለ ዕድል ይሁን ግን አላውቅም።»

ሁሉም ዞሮ እማማ ጥሩወርቅን አየ።  እሳቸው ብርጭቆውን አንሥተው ወደ ብርሃኑ ያዙትና አዩት።

«ሰኞ ልዘራው ነው እኮ» አሉ ዝግ ብለው።

«አውቃለሁ እማዬ።»

«አንተ ብለህ ነው ሙሉውን ላደርገው የነበረ።»

«አውቃለሁ። ስለዚህ ነው የምነግርሽ።»

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ መለሱት። «በጀ» አሉ። «እንግዲያ ይታወቅ። እኔ ማሳዬን ከፍዬ አንዱን ትልም በአብሽ፣ አንዱን በደረቁ እዘራለሁ። ከእናንተስ ማን ይዘራል?»

መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት ሐጂ እንድሪስ ናቸው። ከዚያ ሌሎች ተከተሉ። እኔ ከኋላ ሆኜ የማስተምረውን ትምህርት በሙሉ እዚያ ሳየው ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ አስቀድሞ የተነገረ፣ በብዙ ማሳ።

የመጨረሻውና ከባዱ ነገር ግን ገና ነበር። መሪጌታ፣ ጋቢያቸው ገና ስላልደረቀ በሆቴሏ ሴትዮ ባል ካፖርት ውስጥ ሆነው ተነሡ። «ከተሞከረ አይቀር» አሉ፣ «የወይራ አመድም ይግባ።»

 ይበልጣል እኒህን ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ቀን እምቢ ብሏቸው አያውቅም። ሃያ ነገር ያሸከመውም ይኸው እምቢ አለማወቁ ነው። ወደሳቸው ሄዶ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ነካ።

«አይሆንም መሪጌታ። ዘንድሮ አብሹ ብቻ ነው።»

መሪጌታ ቁልቁል አዩት። «እህስ» አሉ። «እንግዲያ ለከርሞ ተራ ያዝልኝ።»

ሰኞ

መመለሴን አላስረዝመውም። እማማ ጥሩወርቅ ቢቸና ላይ ሲሰናበቱኝ ጉንጬን ስመው፣ አንድ ቁና ጤፍ አሸክመውኝ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ዘንድሮ ለአንዲት ለኪዳነ ምሕረት ብቻ ነው የተሳልሁ፤ እስሩን በሙሉ» አሉኝ። ምን እንዲሆንላቸው እንደተሳሉ ግን አልነገሩኝም። እኔም አብሹ እንዲያሸንፍ እንደሆነ ያለጥርጥር አወቅኩ። ዓባይ በረሃ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጤፌን አቅፌ ተሻገርኩ፤ ሐዋሳ ስገባ ባለቤቴ ገና ከመናኸሪያው አፍንጫውን ያዘ።

አዝመራው ተሰብስቦ፣ ተወቅቶ፣ ጤፉ ጎተራ ከገባ በኋላ ስልኬ ጮኸ። እማማ ጥሩወርቅ ናቸው። የቢቸናውም የሞጣውም ተመዝኖ አልቆ፣ በአብሹና በደረቁ መካከል ልዩነት አልተገኘም። ድምፃቸውን አዳመጥኩት፤ ያዘነ አይመስልም። ጧፉንስ ምን አደረጉት አልኩ፣ ለማጽናናት ቃል እየፈለግኩ።

«አስገባሁት እንጂ። ዛሬ ጠዋት፣ እስሩን በሙሉ።»

«እንዴ፣ አብሹ ሳያሸንፍ?»

«ምን ነካሽ ልጄ» አሉኝ። «እኔ አብሹ ያሸንፍ ብዬ መች ተሳልሁና? ይታወቅ ብዬ ነው እንጂ የተሳልሁ።»

 ከስልኩ ማዶ፣ ከኋላቸው፣ ከቤቱ የሚሰፋው የመሪጌታ ድምፅ «አመዱንስ ጠየቅሽልኝ?» ሲል ይሰማኛል።